ልጃችንን «ጎበዝ አንባቢ ናት» ብሎ ለመለሰው የቅበላ ኮሚቴ

በካምቤል ለሚገኘው፣ ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው የግል ትምህርት ቤት
የተማሪዎች ቅበላ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ ሲና ዳግም እንድትፈተን ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእናንተንና የቤተሰባችሁን ጤንነት፣ በግቢያችሁ ለምለም ሣር ላይ ማመልከቻ ሳያስገቡ የሚንጎራደዱትን ዝይዎች ደኅንነት ጭምር፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ፍቅረማርያም ዘነበ እባላለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሦስተኛና አራተኛ ክፍል አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ፣ ዛሬ ሳን ሆዜ ከልጄ ከዮዲ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። የዮዲ ልጅ ሲና አሥር ዓመቷ ነው። በዚህ ዓመት እናንተ ዘንድ ለአምስተኛ ክፍል አመልክታ ነበር። እናንተም ትምህርት ቤታችሁ ማንበብ ለሚከብዳቸው ልጆች የቆመ መሆኑን አስታውሳችሁ፣ ሲና ግን ማንበብ ስለማይከብዳት ልትቀበሏት እንደማትችሉ በጨዋ ደብዳቤ ገለጻችሁልን።

ሲና ማንበብ አትችልም። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንዲት ልጅ ላይ እንዴት ሊገናኙ እንደ ቻሉ ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው።

በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት አትዩብኝ። ድረ ገጻችሁ «ቤተሰቦች በሚመቻቸው ቋንቋ እንዲጽፉልን እናበረታታለን» ይላል፤ እኔም በሕይወቴ የተጻፈ መመሪያ ጥሼ አላውቅም። ሁለተኛ ምክንያትም አለኝ። ከእናንተ ሌላ ይህን ማወቅ የሚገባቸው ሰዎች የሚያነቡት በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ቅጂ ኦክላንድ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ቅሬታዎቼን እንደ ልማዴ በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ስለ ቅጹ።

አርባ አንድ ጥያቄ ያለውን የማመልከቻ ቅጽ ስለ ላካችሁልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ዮዲ ማውንቴን ቪው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ካፊቴሪያ ሁለት ሺፍት ስለምትሠራ የሞላሁት እኔ ነኝ። ጥያቄ አሥራ ሰባት «ልጅዎ ዓለምን የምታበራበት ልዩ ተሰጥኦ ምንድን ነው?» ይላል። እኛ ዘንድ ሰው የገዛ ልጁን በወረቀት ላይ አያሞግስም፤ ሌላው ሲያሞግስለት እንኳ «ኧረ ተዉ» ይላል። ሁለት ቀን አስቤ «ጤነኛ ናት፤ ሰው ታከብራለች» ብዬ ጻፍሁ። የሌሎቹ አመልካቾች ልጆች በዚያው መስመር ላይ ሮቦት ሲሠሩና ውቅያኖስ ሲያድኑ እንደ ነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ጥያቄ ሃያ ሦስት ደግሞ በቤተሰቡ ውስጥ ማንበብ የሚቸገር ሰው እንዳለ ይጠይቃል፤ በአባት፣ በእናት፣ በአያቶችና በሌላ ዘመድ ተከፍሎ አራት ሳጥን ተሰጥቶታል። በአራቱም «የለም» ብዬ ጻፍሁ። ጽሕፈቴ ያማረ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ደግነት ሦስተኛ ክፍልን ሦስት ዓመት ደጋግሞ ትምህርት የተወ ሰው ነው። በሦስተኛው ዓመት መምህሩ እኔ ነበርሁ።

፪. ስለ ጉብኝቱ።

ከረባት አስሬ ነበር የመጣሁት። አስጎብኚያችሁ በስሟ ብቻ እንድጠራት ፈቀደችልኝ፤ ከዚያም ጥጥ የተሞላ ከረጢት በሚመስል መቀመጫ ላይ እንድቀመጥ ጋበዘችኝ። ከዚያ ላይ ለመነሣት የሁለት ወላጆች እርዳታ አስፈልጎኛል፤ በዚህ አጋጣሚ ሁለቱንም አመሰግናለሁ። በአንድ ክፍል ስምንት ልጆች ብቻ እንደሚማሩ ነገረችን። እኔ ስልሳ ስምንት ነበር የማስተምረው። «እዚህ ማንም ልጅ ሰነፍ ተብሎ አይጠራም» ስትል ወላጆቹ ሁሉ ፈገግ አሉ። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ።

ሲና ግን በዚያን ጊዜ ከእኛ ጋር አልነበረችም። በአንዲት እኩያዋ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ልጅቱ መጽሐፉን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች መስመሩን በማስመሪያ ትከተላለች። እጇን ይዤ ባልጎትታት እስካሁንም እዚያው ቆማ ትገኝ ነበር። መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ሳንዘጋ በእንግሊዝኛዋ ጮኸች፤ «ሁሉም ማንበብ አይችሉም እኮ፣ አባባ! ሁሉም!» እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲና የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እናንተ እጅ ነው።

፫. ስለ ናሙናው።

«ልጅዎ እንዳትደናገጥ» ብላችሁ ከድረ ገጻችሁ እንድናወርደው ስለ ጋበዛችሁን የናሙና ንባብ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አራት ገጽ ነው፤ ስለ ፔሊካን ወፍ ይተርካል፤ ወፏ ዓሣ እንዴት እንደምታጠምድ፣ የት እንደምትተኛ፣ ልጆቿን ምን እንደምታበላ። ግርጌው ላይ ያለው ቀን አራት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ ጠዋት ስመለከትም እዚያው በሰላም አለ።

እኛ የምናውቀው ፈተና የሚታለፍ ነገር ነው፤ ልጅ ተዘጋጅቶ ይገባል፣ አልፎ ይወጣል። የወደቀ የሚገባበትን ፈተና በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም አላየሁም፤ ስለዚህ አልገባኝም ነበር ብል ግማሹ እውነት ይሆናል። ሌላው ግማሽ ግን ዮዲ የነገረችኝ ነው። «አባዬ፣ ምንም እንዳታስጠናት፤ እንዳለች ነው ሊያዩዋት የሚፈልጉት» ብላኝ ነበር። «እሺ» አልኋት። እሷ ሥራ እንደ ሄደች ናሙናውን አውጥቼ ከሲና ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥሁ።

እኔ እላለሁ፣ እሷ ትከተላለች። እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው፤ ቃሉ አስቀድሞ በጆሮ ይገባል፣ ዓይን ኋላ ይደርሳል። የሲና ጆሮ የሚያስደንቅ ጆሮ ነው፤ በጥያቄ አሥራ ሰባት መጻፍ የነበረብኝም ይህን ነበር። በሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥታ ስታወርድልኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሁለተኛውን ገጽ ስትገልጥ ሁለት ወረቀት ተጣብቆ አብሮ ተገለጠ። ዓይኗ ያረፈው አራተኛው ገጽ ላይ ነው፤ አንደበቷ ግን ሦስተኛውን ገጽ ያለ አንዲት ስሕተት ቀጠለ።

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ ያን ጊዜ አወቅሁ። አልጠረጠርሁም፤ አወቅሁ፤ መምህር ነኝና። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ገጹን መልሼ አስተካክዬላት «በርቺ» ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያስተማርኋት ማንበብ አልነበረም፤ አንባቢ መምሰል ነበር። ጣትን በመስመሩ ሥር ማስኬድ፣ ነጥብ ላይ መተንፈስ፣ ረጅም ቃል ሲመጣ ጥቂት ዘግየት ማለት፣ ከጀመሩ በኋላም የመጣ ቢመጣ አለማቋረጥ። ሲና አንድ ቀን ቀና ብላ «ኢዝ ዚስ ቺቲንግ፣ አባባ?» አለችኝ፤ ማጭበርበር አይደለም ወይ ማለቷ ነው። «ጥናት ነው» አልኋት። የመምህር የልጅ ልጅ ማንበብ አትችልም የሚል ዐረፍተ ነገር፣ ማንም በማያውቀኝ በካምቤል እንኳ፣ በማንም ፋይል ውስጥ እንዳይቀመጥ ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

የእናንተን ድርሻ ደግሞ ልናገር። በፈተናው ዕለት ገምጋሚያችሁ ከመሳቢያቸው ያወጡት ያንኑ የፔሊካን ጽሑፍ መሆኑን ስሰማ የትምህርት ቤታችሁ ቁጥብነት አስደነቀኝ። ሲና ስታነብ እጅግ ስለ ተደሰቱ ቀሪዎቹን ሦስት ክፍሎች እንደ ዘለሏቸው፣ በመጨረሻም ተለጣፊ ኮከብ እንደ ሰጧት ልጅቱ ነግራናለች። የአርባ ደቂቃው ምርመራ በአሥራ አንድ ደቂቃ ተፈጸመ። የክፍል መምህሯ የሦስት ዓመት ክትትላቸውን በሁለት ገጽ ጽፈው ሰጥተውን ከማመልከቻው ጋር ልከንላችሁ ነበር፤ ፖስታው እንደ ታሸገ በክብር ተመልሶልናል። ለጥንቃቄያችሁ እናመሰግናለን።

፬. ስለ ደብዳቤያችሁ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ይጀምራል። ሲና ከክፍሏ ደረጃ በላይ የምታነብ ጎበዝ አንባቢ መሆኗን፣ ስለዚህም ቦታው ይበልጥ ለሚያስፈልገው ልጅ እንደሚሰጥ ይገልጻል። ዮዲ ቆማ ጀምራ ተቀምጣ ጨረሰችው። ሲና «ገባሁ?» አለች። ዮዲ ደብዳቤውን መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተችው። እኔን ግን፣ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፣ ደስ አለኝ።

እሑድ ደብዳቤውን በደረት ኪሴ ይዤ ወደ ኦክላንድ ሄድሁ። የልጆቹን ክፍል ለሚመሩት ለወይዘሮ ሸዋረጋ «ከክፍሏ በላይ» የሚለውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። «እንግዲያውማ የወላጆች ቀን ታንብብልና፣ መምህር! የእኛዎቹ እንደ ሆነ ማይክ ሲያዩ አንደበታቸው ይተሳሰራል» አሉኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። «ያላየችውንም ታነባለች» አልሁ።

በዕለቱ ሲናን ጠርተው ማይክራፎኑን ዝቅ አደረጉላትና አንድ ወረቀት ሰጧት። ስለ ኖኅ መርከብ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ነበር። ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አድርጋ ጀመረች። የጀመረችው ፔሊካኗን ነው።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መምህር፣ ፔሊካንም ነበረች እንዴ መርከቧ ውስጥ?» አሉኝ። «ሳትኖር አትቀርም» ብዬ መለስሁ፤ በመቅደስ ፊት። ሳቁ የተነሣው ከልጆቹ ረድፍ ነው፤ ያው ወረቀት በእጃቸው ነበርና። ሲና አላቆመችም። እንዳታቋርጥ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። የኖኅ ወረቀት አለቀ፣ ፔሊካኗ ግን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ናት፤ ጣቷ ግርጌው ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ተመለሰና ከመጀመሪያው መስመር እንደ ገና መውረድ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ወረደ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ተነፈሰች። ስትጨርስ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና በእንግሊዝኛ «ሌላ የለኝም እኮ» አለችኝ።

ልጄ ዮዲ ከልጅነቷ ጀምሮ «አንተ» የምትለኝ ልጅ ናት። ያን ዕለት መኪናውን ሳታስነሣ «አስጠንተዋታል፣ አይደል?» አለችኝ። እስከ ዛሬም «እርስዎ» ነኝ፤ እንደዚህ ያለ አክብሮት ለጠላቴም አልመኝም።

ሲና ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ጽሑፍ ያለበትን ነገር ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች፤ የቁርሷን የሲሪያል ካርቶን ሳይቀር። ደብዳቤያችሁን ግን ያልተጻፈበትን ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጋ አልጋዋ አጠገብ ለጥፋዋለች። ለምን እንዳልጣለችው ስጠይቃት «አርማቸው አለበት» አለችኝ።

፭. ስለ አንድ ዓመት ደንባችሁ።

ያልተቀበላችሁት አመልካች አንድ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ እንደማይፈተን፣ ከአምስተኛ ክፍል በላይም አዲስ ተማሪ እንደማታስገቡ ደንባችሁ ይደነግጋል። ሁለቱን ደንቦች ደምሬ ውጤቱን ሦስት ጊዜ አጣራሁት፤ ሲና መቼም አትገባም ማለት ነው። ደንብ እወዳለሁ፤ ደንባችሁም ያለ እንከን የተጻፈ ነው።

አራት ጊዜ ደወልሁ። አራተኛው ላይ ያገኘኋቸው ሠራተኛችሁ በትዕግሥት እንደ ነገሩኝ፣ አንድ የቅበላ ቦታ ገና አልተያዘም፤ ኮሚቴውም በመጪው ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ምርመራው የተሳሳተ ከነበረ ደግሞ የስሕተቱ ምክንያት በጽሑፍ ሲቀርብ ልጁ ዳግም ሊፈተን ይችላል። ስለ መልካም መስተንግዷቸው አመሰግናለሁ። የስሕተቱ ምክንያት እኔ ነኝ። በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

ፋይሉ የተስተካከለ እንዲሆንም የሚከተለውን እርማት እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። ጥያቄ ሃያ ሦስት፣ አራተኛው ሳጥን፦ አለ። ደግነት ዘነበ፣ የእናቷ አጎት፣ አዲስ አበባ፣ የመኪና ሞተር በድምፁ የሚያውቅ መካኒክ። ይህን ከመጻፌ በፊት ስልክ ደውዬ ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። «ጋሼ፣ ይህን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ ነበረብህ?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም «የቃሉ ጫፍ ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል ብዬህ ነበር እኮ። ዓይንህን አፍጥጥ አልኸኝ። አፈጠጥሁልህ» አለ። በዚያ ዓመት ሰርተፊኬቱ ላይ በቀይ ቀለም «ሰነፍ» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያን ጊዜም ያማረ ነበር። ይቅርታ ስጠይቀው ወሬውን ወደ ቤንዚን ወረፋ አዞረብኝ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ምሕረት ለእኔ አይደለም፤ ለእኔ እንዳታደርጉልኝም አጥብቄ እለምናለሁ። ሲና ያላየችውን ጽሑፍ ስጧት። ስትቆም አትቸኩሉባት፣ ስትሳሳትም አትደሰቱባት። መውደቋን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ እንደ ደንባችሁ፣ አስገቧት።

በወንበራችሁ ምቾትና በመሳቢያችሁ ቁጥብነት ፊት ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ኮከብ የሚገባውን ልጅ ለይታችሁ እንድታውቁ ማስተዋሉን ፈጣሪ እንዲሰጣችሁ፣ ለእኔም ያኔ ባይሰጠኝ አሁን እንዲሰጠኝ እየለመንሁ፣

የአሥራ አንድ ደቂቃ ምርመራችሁን ውጤት በጥቂት ቀን ጥናት ያበላሸው
ፍቅረማርያም ዘነበ፣ ጡረተኛ መምህር
ሳን ሆዜ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሸዋረጋ፤ ፔሊካን በመርከቧ ስለ መኖሯ የሰጠሁትን ምስክርነት ማንሣቴን እንዲያውቁት
ለወንድሜ ለደግነት፤ ሰው ያንብብለት፣ ምንም መስመር ሳይዘልበት
ለዮዲ

ማሳሰቢያ፦ በሌላ ቋንቋ የሚደርሳችሁ ደብዳቤ እስኪተረጎም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት እንደሚወስድ የኢሜይል ማሽናችሁ በትሕትና አስታውቆኛል። በሚመቸን ቋንቋ እንድንጽፍ ስታበረታቱን ይህን ያህል ደክማችሁልናል። እንዳትቸገሩ ብለን ሐሙስ በራችሁ ሲከፈት ዮዲና ሲና ደጃችሁ ይገኛሉ፤ ደብዳቤውን ዮዲ ቆማ ትተረጉምላችኋለች፤ አንዳንድ መስመር ላይ ድምፅዋ ከፍ ቢል እናንተን ማለቷ አይደለም። እኔ አልመጣም። ዮዲ ስትጨርስ ከመደርደሪያችሁ አንድ መጽሐፍ ለሲና አውጡላት፤ የፈለጋችሁትን ይሁን፣ እኔ ያላየሁት ብቻ።